የሲናውን አኃዜ ኵሉ በሰም መሣል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

ሥራው ይህ ነው። በሲና ተራራ ሥር ባለው የቅድስት ካትሪን ገዳም የሚገኘውን የክርስቶስ ሥዕል በልኩና በራሱ ዘዴ መልሼ መሣል። ግሪኮች ፓንቶክራቶር ይሉታል፤ እኛ በጸሎተ ሃይማኖት «አኃዜ ኵሉ» የምንለው ነው። የ6ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ቁመቱ 84 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 45.5። የዘይት ቀለም አይደለም፣ በእንቁላል የተለወሰም አይደለም። ቀለሙ የተለወሰው በቀለጠ ሰም ነው።

በአክሪሊክ ብሠራው ቶሎ ያልቅ ነበር። ግን የዚህን ሥዕል ቅጂ ብዙ አይቻለሁ። ልብሱ ይሳካላቸዋል፣ መጽሐፉም ይሳካላቸዋል። ፊቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሥዕሉ ይሞታል። ጥርጣሬዬ ሰሙ ላይ ነው። የፊቱ ሕይወት ከሰሙ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። እስቲ እናያለን።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰም አይቸግርም። ጠጅ ቤት ሄዶ ሰፈፍ መግዛት ነው። ጠጁ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ጧፍ ሠሪዎችም ይገዙታል። የጠጅ ቤቱ እመቤት ለጧፍ መስሏቸው «ለየትኛው ደብር ነው ልጄ?» አሉኝ። ለሥዕል መሆኑን ነገርኳቸው። «በሰም ደግሞ ምን ይሣላል?» ብለው ሳቁ። ሂሳቡን ግን ቀነሱልኝ።

ሰፈፉን ከውኃ ጋር አሙቄ በአሮጌ ነጠላ አጠለልኩት። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ከሥሩ ይለጠፋል። ያንን በቢላ መፋቅ፣ እንደገና ማቅለጥ፣ እንደገና ማጥለል። ቡናማ የነበረው ቀስ በቀስ ቢጫ ሆነ። ከዚያ በስሱ ፍቄ ትሪ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። የጥቅምት ፀሐይ ሰም ያነጣል። ለጥቁሩና ለቡናማው ቢጫው ሰም ይበቃል፤ ለፊቱ ግን የነጣው ያስፈልገኛል።

ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ አደጋ አለው፤ መጠኑን ካለፈ ይጨሳል፣ ሊነድም ይችላል። ስለዚህ በድስት ውስጥ ድስት ጥዶ፣ በውኃ ሙቀት ማቅለጥ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በውኃ ላይ የተጣደ ሰም ምንም ቢረሳ ከዚያ አያልፍም። ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት።

እንጨቱ

አናጢው ከፈረሰ ቤት በር የወጣ የወንዛ ሳንቃ አገኘልኝ። ወንዛ ከበሮም መንበርም የሚሠራበት፣ ቤተ ክርስቲያን የለመደው እንጨት ነው። አሮጌ መሆኑ ይጠቅመኛል፤ ሊጣመም የሚችለውን ያህል ተጣሞ ጨርሷል። አስተካክሎ ላገልኝ። የቆዳ ሙጫና ጄሶ አደባልቄ በስሱ ቀባሁት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ከሱቅ የሚገዛው የሸራ ማልበሻ ለዚህ አይሆንም። ፕላስቲክነት ስላለው ሰም አይይዝም፣ ኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ጥቅምት አጋማሽ፤ ፎቶዎቹ

ግድግዳው ላይ ፎቶዎች ለጠፍኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ጣሊያን ውስጥ፣ ራቬና ላይ ያለው የሳን ቪታሌ ሞዛይክ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የተቀደሰው በ547 ነው። እዚያ ክርስቶስ ጢም የሌለው ጎረምሳ ነው። ሰማያዊ ሉል ላይ ተቀምጧል፣ መላእክት ግራና ቀኝ ቆመውለታል። ሁለተኛው በሲሲሊ የቼፋሉ ካቴድራል ሞዛይክ ነው፣ የ1148 ሥራ። ከራስ እስከ ደረት ብቻ ነው ያለው፤ የቤተ መቅደሱን ግማሽ ጉልላት ግን ሞልቶታል። የያዘው መጽሐፍ ተከፍቷል። «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ በግሪክ፣ በሌላው በላቲን ተጽፎበታል። ሦስተኛው አቴንስ አጠገብ ያለው የዳፍኒ ገዳም ጉልላት ነው፣ 1100 አካባቢ። እሱ ያስፈራል። ግንባሩ ተቋጥሯል፣ ጣቶቹ መጽሐፉ ላይ ደርቀዋል። እውነቱን ለመናገር የዳፍኒውን ሳየው ንስሐ ከመግባት ይልቅ መሸሽ ነው የሚቃጣኝ።

የሲናው ከሦስቱም ይለያል። ዙፋን የለም፣ መላእክት የሉም፣ የሚረገጥ ሉል የለም። ከጀርባው መስኮት ያለው ግንብ ይታያል፣ ከላይ ግራና ቀኝ ሁለት ኮከቦች አሉ። በቃ። ቁመቱም የአንድ ሰው ደረትና ራስ ያህል ነው። ጉልላት ላይ ያለውን አንጋጠህ ታየዋለህ። ይህን ግን ፊት ለፊት ቆመህ ነው የምታየው፤ ዓይኑ ከዓይንህ ጋር ትክክል ነው።

እንዴት እስከዛሬ እንደተረፈ ማወቅ ያስፈልጋል። በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዘመን ቁስጥንጥንያ ውስጥ የሥዕል ጠላቶች ነግሠው ነበር። ጉዳዩ እስከ 843 ድረስ አልበረደም። ከዚያ በፊት የነበሩ የጣውላ ሥዕሎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ሲና ግን ያኔ በእስላማዊው መንግሥት ግዛት ውስጥ ስለነበረ የቁስጥንጥንያ ትእዛዝ አልደረሰበትም። የበረሃው ደረቅ አየርም ረድቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ሠዓሊ በላዩ ቀለም ደረበበት። በ1962 ድርቡ እስኪነሳ ድረስ ሰው ሁሉ የ13ኛው መቶ ዘመን ሥራ ይመስለው ነበር። ሰሙ ከሥሩ ሰባት መቶ ዓመት ወደኋላ ሄዶ ተገኘ።

ጥቅምት መጨረሻ፤ ልብሱ

ንድፉን በከሰል ወረቀት ላይ አውጥቼ ጣውላው ላይ አተምኩት። ቀለሞቹን በቲማቲም ድልህ ጣሳ አድርጌ ብረት ትሪ ላይ ደረደርኳቸው። ትሪው ስቶቭ ላይ ነው።

መጀመሪያ ልብሱን ያዝኩ፤ እጄን ለማለማመድ። ቀሚሱም ኩታውም ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው። ይህ ቀለም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። እውነተኛው ሐምራዊ ከባሕር ቀንድ አውጣ ይወጣ ነበር፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነበር። በሮም ሕግ የላቀው ዓይነት ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የተከለለ ነው። ስለዚህ በንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ዘመን ያ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ማንም ሳይነግረው ልብሱን አይቶ ያውቃል፤ ንጉሥ ነው። ሠዓሊዎች ግን ቀንድ አውጣውን መግዛት ስለማይችሉ ቀይና ሰማያዊ ነበር የሚደባልቁት። እኔም ቀይ አፈር፣ የከሰል ጥቁርና ትንሽ ሰማያዊ አደባለቅኩ። ቀይ አፈሩ የራሳችን ነው። ፈጭቼ ሦስቴ ነፋሁት።

የሰም ቀለም ትዕግሥት የለውም። ብሩሹን ነክረህ ጣውላው እስክትደርስ ግማሹ ረግቷል። ረዥም መስመር መጎተት አይሆንም፤ አጭር አጭር ነው። የናይለን ብሩሽ ጠጉሩ ይጠማዘዛል፤ የአሳማ ጠጉር ብቻ ነው የሚሆነው። እያንዳንዱ ድርብ ከሥሩ ካለው ጋር እንዲዋሐድ የጋለ ብረት አስጠግቶ ማላብ ያስፈልጋል። ላቡ ሲታይ ብረቱን ማንሳት ነው። አንድ ትንፋሽ ከዘገየህ የልብሱ እጥፋት ይፈስሳል።

ለብረቱ ምን አለሽ ተራ ሄጄ አሮጌ የነሐስ ማንኪያዎችና አንድ የጥርስ ሐኪም መፋቂያ የመሰለ ነገር ገዛሁ። ሻጩ ምን እንደሆነ አላወቀም፣ እኔም አላወቅሁም። ለፊቱ ግን ከሁሉም የተሻለው እሱ ሆነ።

ኅዳር 2፤ መብራት ሄደ

ሥራ መሃል መብራት ሄደ። ስቶቩ ቀዘቀዘ፣ ቀለሙ ሁሉ ጣሳ ውስጥ ረጋ። ጠበቅሁ፣ አልመጣም። የቡናውን የከሰል ምድጃ በረንዳ ላይ አወጣሁና ትሪውን በላዩ አደረግሁ። (ቤት ውስጥ በከሰል አትሥሩ፤ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል።)

ይሻላል! ስቶቩ ሲበራና ሲጠፋ ሙቀቱ ይዘልላል። ፍሙ ግን አመድ ከለበሰ በኋላ እኩል ይዞ ይቆያል። ትሪው መሃል ላይ ቀለሙ እንደ ውኃ ነው፣ ዳር ላይ ወፈር ይላል። ስለዚህ ለስስ ድርብ ከመሃል፣ ለወፍራም ምት ከዳር እነክራለሁ። በግብፅ ፋዩም የተገኙት ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ዘመን የተሣሉ የሙታን ምስሎች ብዙዎቹ የተሠሩት እንዲህ ባለ እሳት ነው። የሲናውም ሠዓሊ የእነሱ ሙያ ወራሽ ነው። መብራቱ ማታ መጣ። ስቶቩን ወደ ኩሽና መለስኩት።

ኅዳር 8

ዛሬ የአርባዕቱ እንስሳ በዓል ስለሆነ አልሠራሁም። ከቅዳሴ መልስ የኔታን ቤት ጋበዝኳቸው። ሥዕሉን ሊያዩ ፈልገው ነበር። ልብሱ አልቋል፣ መጽሐፉና እጁ ተጀምረዋል፣ ፊቱ ገና የቢጫ አፈር ጥላ ብቻ ነው።

ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው አዩት።

«ዘውዱ የታለ?»

«ዘውድ የለውም የኔታ።»

«ዙፋኑስ? ኪሩቤልስ?»

«እነሱም የሉም።»

«ታዲያ ንጉሥነቱ በምን ይታወቃል?»

ልብሱን አሳየኋቸው፤ አልተዋጠላቸውም። ልክ ናቸው። በእኛ አገር የጌትነት ሥዕል ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሌላ ነው። ሥላሴ በሦስት አረጋውያን አምሳል፣ በእጃቸው ዓለም፣ በአራቱ ማዕዘን ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕም፣ ገጸ ንስር። ሕዝቅኤልም ዮሐንስም ያዩት ነው፣ የጎንደር ሠዓሊዎችም አልሳቱትም። በዚያ ዓይን ሲታይ የሲናው ክርስቶስ ባዶ ነው።

የሲናው ፊት ሁለቱ ጎኖች እኩል እንዳልሆኑ ነገርኳቸው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረውን ትርጉም፣ አንዱ ጎን መለኮቱን ሌላው ጎን ሰውነቱን ያሳያል የሚለውን ጠቀስኩ። ፈገግ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ባሕርይን በቅንድብ አይከፍሉትም» አሉኝ። ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ነው ካለው ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናችን የምትለው ይኸው ስለሆነ እኔም አልተከራከርኩም።

ደግሞ እንደ ሠዓሊም ያ ትርጉም አይጥመኝም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ኅዳር አጋማሽ፤ መጽሐፉና እጁ

ወንጌሉ ዝግ ነው። ሽፋኑ ላይ መስቀል፣ ዕንቁና ሉል አለ። አንድ ነጥብ የወፈረ ሰም ጠብ ማድረግ፣ በላዩ ነጭ ነጥብ ማሳረፍ፤ ዕንቁ ሆነ። የሥራው ቀላሉ ክፍል ይህ ነበር፣ ደስታውም ከዚያው ልክ ነው።

ቀኝ እጁ ደረቱ ፊት ይባርካል። ይህ የእጅ አያያዝ ከሮማውያን ተናጋሪዎች የመጣ ነው። በአደባባይ ንግግር ሊጀምር የተነሳ ሰው ነበር እንዲህ የሚያደርገው። ስለዚህ እጁን ስሠራ የሚባርክ ብቻ ሳይሆን ሊናገር ያለ ሰው እጅ እንዲመስል ጣርኩ። ጣቶቹ ዘና ያሉ ናቸው፣ እንደ ዳፍኒው አልደረቁም።

እዚህ ላይ ስለ ሳንቲም አንድ ነገር ልጨምር። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዩስጢንያኖስ በመጀመሪያ ዘመነ መንግሥቱ፣ ከ685 እስከ 695 ባለው ጊዜ፣ የክርስቶስን መልክ ወርቅ ሳንቲም ፊት ላይ አተመ። መልኩ የሲናውን ይመስላል፤ ጢሙ፣ ረዥሙ ጠጉር፣ መጽሐፉ። የራሱን መልክ ወደ ጀርባው አዞረው። የሮም ንጉሥ ከገንዘቡ ፊት ሲወርድ ቀልድ አይደለም። ከዚያ በፊት የእኛው ኢዛና በሳንቲሙ ላይ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ተክቶ ነበር፤ መልኩን ግን ከፊት አልነቀለም።

የእኛ ነገሥታት ምርጫ ደግሞ ይገርመኛል። የጎንደር ነገሥታት ዘመቻ ሲወጡ የሚያስከትሉት ሥዕል አኃዜ ኵሉ አልነበረም። ኵርዓተ ርእሱ ነበር፤ የእሾህ አክሊል የደፋ፣ ደሙ በግንባሩ የሚወርድ ክርስቶስ። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ከሱዳኑ የስናር መንግሥት ጋር ሲዋጉ ተማርኮ በገንዘብ ተዋጅቶ ነው የተመለሰው። በ1868 ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ወሰዱት፤ ዛሬ ፖርቱጋል ነው ያለው። ቁስጥንጥንያ ላይ ንጉሥ ሳንቲሙ ላይ ያተመው ክርስቶስ የሲናውን የሚመስለው ነው፣ ጎንደር ላይ ንጉሥ የሚያስከትለው የተመታው። ለኔ ሁለቱ አይጣሉም። ይህን ሥዕል እየሠራሁ ያ ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ኅዳር መጨረሻ፤ ፊቱ

ወደ ዋናው መጣሁ።

መጀመሪያ የፊቱን ፎቶ ከመሃል ቆርጬ እያንዳንዱን ግማሽ ከራሱ የመስታወት ምስል ጋር ገጠምኩት። ሁለት ሰው ወጣ። ከእኛ በግራ ያለው ግማሽ ተደግሞ ሲታይ ለስላሳ፣ ክፍት፣ ወጣት ነው። የቀኙ ቅንድቡ ከፍ ብሏል፣ ዓይኑ ሰፍቷል፣ ጉንጩ ጠቁሯል፣ የአፉ ጫፍ ወረድ ብሏል። ይህ በእርግጥ አለ፤ ማንም ያየዋል። ምሕረትና ፍርድ ነው የሚሉ አሉ። ይህኛው ትርጉም ከባሕርዩ ክፍፍል ይሻላል፤ ምሕረትም ፍርድም የአንዱ ናቸውና።

ግን ሁለቱ ግማሾች ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ደካማ ሥዕሎች ናቸው። የግራው ዝም ያለ ደብተራ ይመስላል፣ የቀኙ የተቆጣ ዳኛ። ኃይሉ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። አፍንጫው ትክክል መሃል ላይ አይወርድም፣ ራሱም በጥቂቱ ዘወር ብሏል። የፋዩምን ምስሎች ብታዩ እዚያም ይኸው አለ፤ አንዱ ዓይን ያያል፣ ሌላው ያስባል። የዚያ ሙያ ሠዓሊዎች ሕይወት ያለው ፊት እኩል እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። የሲናው ሠዓሊ ይህን የሙያ ዕውቀት ወስዶ ለጌታ መልክ አዋለው። እኔ የምለው ይህን ነው። ንጉሥነቱን ያስቀመጠው ከዘውድ ይልቅ እዚህ ነው፤ እያየህ ያለ፣ በሕይወት ያለ ፊት ላይ። ቅጂዎቹ የሚሞቱት ሠዓሊው ሳያውቀው ፊቱን ስለሚያስተካክለው ነው።

ሥራው ላይ እንዲህ ሄደ። ጥላውን በጥቁርና በቢጫ አፈር ሠራሁት፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ወይራ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ከጉንጩ ሥር፣ ከአንገቱ፣ ከቀኙ ቅንድብ በታች። በላዩ የነጣውን ሰም ከነጭና ከጥቂት ቀይ ጋር፣ በስስ ድርብ። እዚህ ብሩሹን ትቼ ያንን ስም የለሽ መፋቂያ ያዝኩ። ጫፉን ፍሙ ላይ አሙቄ ቀለሙን ከጉንጭ ወደ ጢም ገፋሁት። ሰም በሙቀት ሲገፋ ጠርዝ አይተውም፤ ብርሃኑ ወደ ጥላው ራሱ ይገባል። በአክሪሊክ ይህን ለማግኘት ብዙ መስመር መደራረብ ያስፈልጋል፣ ያም ሆኖ መስመርነቱ አይጠፋም። የጀመርኩበት ጥርጣሬ እዚህ ላይ ተረጋገጠልኝ።

ዓይኖቹ አድካሚ ነበሩ። የቀኙን ከፍ ሳደርገው ተቆጣ፤ በምላጭ ፍቄ ዝቅ ሳደርገው ተኛ። የሰም ጥሩነቱ መፋቅ መቻሉ ነው፤ ሥር ያለው ድርብ ሳይነካ ይመለሳል። ቁመቱን በማስመሪያ ብለካውም አልሆነም። የሆነው የላይኛውን ቆብ ጥላ ሳጠቁር ነው። ቅንድቡ ሳይነሳ ዓይኑ ተከፈተ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ለአክሊለ ብርሃኑ አንድ ዘመድ ከውጭ የወርቅ ቅጠል ደብተር ይዞልኝ መጣ። ቅጠሉ ከትንፋሽም ስለሚበር መስኮት ዘግቼ፣ አፌን በነጠላ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ወርቁ ሲገባ ሐምራዊው ጠቆረ፣ ፊቱ ደግሞ ወደፊት መጣ። መስቀሉን ከአክሊሉ ውስጥ በቀጭኑ አወጣሁ። ስለ ወርቁ ሌላ የሚባል ነገር የለኝም፤ ወርቅ ሥራውን ያውቃል።

የኔታ እንደገና መጡ። አሁንም መጀመሪያ ዘውድ የሚፈልጉ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ራቁ፣ ቀረቡ። «ይኼ ዓይኑ ይመረምራል» አሉ የቀኙን እያሳዩ። ቆየት ብለው «ያኛው ግን ያውቅሃል» አሉ። ስለ ኪሩቤል አልጠየቁኝም።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ጨረስኩ። ሰም ለብዙ ሳምንት እየጠነከረ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማሸት ብቻ ነው፤ ጭጋጉ ይጠፋል፣ ውስጡም ያበራል። ቫርኒሽ አያስፈልገውም።

ሥዕሉ አክስቴ ቤት ነው የሚሰቀለው። ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ መረጥን። ማስጠንቀቂያዬ ከሥሩ ጧፍ እንዳይበራ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ ሰም ነው። አክስቴ «ታዲያ እንዴት ልጸልይ?» አለችኝ። ከሥሩ ሳይሆን በጎን፣ በክንድ ያህል ርቀት ብለን ተስማማን።

በዚያው በሲናው ገዳም የዚያው ዘመን ሌላ የሰም ሥዕል አለ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ቁልፎቹን ይዞ። ቁመቱ ወደ 93 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ የበሩ ሳንቃ አይበቃም። አናጢው ሌላ የፈረሰ ቤት እየፈለገልኝ ነው። ሰፈፉ ግን ተገዝቷል።